የሰኞ መዝሙር

ዳዊት የሚደግም ሰው ሳምንቱን የሚጀምረው ስለ ሁለት መንገድ በምትናገር አጭር መዝሙር ነው። አባቶች 150ውን መዝሙር በየዕለቱ ሲደለድሉት ከ1 እስከ 30 ያለውን ለሰኞ፣ ከ31 እስከ 60 ያለውን ለማክሰኞ፣ ከ61 እስከ 80 ያለውን ለረቡዕ፣ ከ81 እስከ 110 ያለውን ለሐሙስ፣ ከ111 እስከ 130 ያለውን ለዓርብ፣ የቀረውን ለቅዳሜ ሰጡ። እሑድን ለመኃልየ ነቢያትና ለመኃልየ ሰሎሞን ተዉት። በዚህ ሥርዓት ገበሬው ሞፈር ቀንበሩን ሳይሸከም፣ ነጋዴው አህያውን ሳይጭን፣ በሰኞ ማለዳ ከአፉ የምትወጣው የመጀመሪያዋ ቃል የጻድቃንንና የኃጥኣንን መንገድ የምትለየው መዝሙር ናት።

ልመና የለባትም፤ ለቅሶም የለባትም። ፈጣሪን እንኳ «አንተ» ብላ አትጠራም። ስለ አንድ ሰው ብቻ ታወራለች፤ ከእነማን ምክር ጋር እንዳልሄደ፣ በየትኛው መንገድ እንዳልቆመ፣ በእነማን ወንበር እንዳልተቀመጠ ትናገራለች። ቀጥላ በውኃ ዳር የተተከለ ዛፍ ታሳያለች፤ ከዚያ ትቢያና ነፋስ። ሁለቱ መንገዶች በመጨረሻ ይለያያሉ፤ መዝሙሯም እዚያው ታበቃለች።

እኔ ይህችን መዝሙር በቃሌ የያዝኳት ምን እንደምትል ሳላውቅ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ከቢቸና ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ደብር፣ የኔታ በዋንዛ ጥላ ሥር ያስተምሩን ነበር። ፊደል ቆጥረን፣ አቡጊዳ ብለን፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌሉን ዘልቀን ነበር ዳዊት የሚሰጠን። የንባብ ቤት አይቸኩልም። አንዷን መዝሙር መጀመሪያ በግዕዝ፣ እየጎተትን እንላታለን፤ ቀጥለን በውርድ ንባብ፣ በስተኋላ በቁም ንባብ። በስንደዶ ፊደሉን እያመለከትን ስናነብ ተነሹን ቃል የጣልን፣ ወዳቂውን ያነሣን እንደሆነ የየኔታ አለንጋ መጽሐፉን ሳታይ ቦታውን ታውቀው ነበር። ሦስቱንም ዓይነት ንባብ ካለፍኩ በኋላ ሰውነቴ የመዝሙሯን አነሣሥና አወዳደቅ አወቀ፤ ልቤ ግን ገና ምንም አላወቀም። አንደበቴ ከልቤ ቀደመ ማለት ነው።

አሁን ሳስበው ይህ ነገር ጉድለት ብቻ አልነበረም። ስንቱ ነገር ሲገባን ነው የምንይዘው፤ ይህችን መዝሙር ግን አስቀድመን ይዘናት፣ የምትገባን ኑሮ ሲያስገባን ሆነ። ትርጓሜው በመጽሐፍ ጉባኤ ቤት ለታላላቆቹ የሚሰጥ ነው። ለእኛ ለልጆቹ ትርጓሜ የሆኑልን በአካባቢያችን የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ።

ለእኔ ትርጓሜ የሆኑልኝ አያቴ ናቸው። የብራና ዳዊታቸው በቆዳ ማኅደር ሆኖ በምሰሶው ላይ ይንጠለጠላል። የፈጣሪ ስም በቀይ ቀለም ተጽፎበታል፤ በየአሥሩ መዝሙር ማለቂያ ደግሞ በቀይና በጥቁር የተሠመረች ሐረግ አለችበት። አሥሩን መዝሙር «አንድ ንጉሥ» ይሉታል፤ ዳዊቱ በጠቅላላው 15 ንጉሥ ነው። ሰኞ ሦስት ንጉሥ ስላለው ረዘም ይላል፤ ስለዚህ አያቴ ሰኞ ዶሮ ሲጮኽ ይነሡ ነበር። ከመደቡ ላይ ተኝቼ የምሰማው የመጀመሪያው ድምፅ የእሳቸው ነበር። ሴት አያቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ባላቸው የት እንደደረሱ በድምፃቸው ያውቁ ነበርና፣ «ሁለተኛውን ንጉሥ ሳይጨርሱ እሳቱን አንድጂ» ብለው እናቴን ያዝዟታል።

አብዮቱ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው የአያቴ የአጎት ልጅ ከጎረቤታቸው ጋር በርስት ድንበር ይሟገቱ ነበር። የጎጃም የርስት ሙግት መቼም አባት ጀምሮት ልጅ የሚወርሰው ነገር ነው። ክርክሩ እየዞረ እየዞረ በምስክር እጅ ወደቀ። የድሮው የድንበር ድንጋይ የት እንደነበረ በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ሁሉ አልቀው አያቴ ብቻ ቀርተዋል። ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ደግሞ ለዘመዳችን አይበጅም።

ዘመዳችን «ይዋሹልኝ» ብለው አልላኩም። እንዲህ ያለው ነገር በአገራችን እንዲህ ተብሎ አይነገርም። «ጠላ ተጠምቋልና ብቅ ይበሉ» ብለው ነው ልጃቸውን የላኩት። አያቴ «እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ፤ አልመችም» ብለው ልጁን ሸኙት።

ሴት አያቴ ግራ ገባቸው። «የወንድምዎ ቤት አይደለም ወይ? ጠላ መቅመስ ምን ነውር አለው?»

«ጠላው ነውር የለውም» አሉ አያቴ። «ዛሬ ልጠጣ እሄዳለሁ። ሲሸኘኝ ከደጁ ቆሜ ነገሩን እሰማለሁ። ከዚያ ወዲያ ችሎት ላይ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ከወዲሁ እግሬን ብሰበስብ ይሻለኛል።»

ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። መዝሙሯን በሦስት ዓይነት ንባብ እወጣታለሁ፤ የአያቴ ንግግር ከእሷ ጋር ዝምድና እንዳለው ግን አልታየኝም። ብዙ ዘግይቶ ነው የተገለጠልኝ። መሄድ፣ መቆምና መቀመጥ በዚያ ተራ የተደረደሩት እንዲያው አይደለም። በልጅነቴ ሁለት መንገድ ሲባል የሚታየኝ አንድ ትልቅ መገንጠያ ነበር፤ ሰው እዚያ ይደርሳል፣ ግራና ቀኙን ያያል፣ አንዱን ይመርጣል። አያቴ እንዲህ ያለ መገንጠያ አልጠበቁም። መዝሙሯም መገንጠያ አታሳይም፤ የምታሳየው ሰው ሳያውቀው ከመሄድ ወደ መቆም፣ ከመቆም ወደ መቀመጥ እንዴት እንደሚያዘግም ነው። የተቀመጠ ሰው ለመነሣት ይከብደዋል፤ ያልሄደ ሰው ግን ገና ቤቱ ነው። ምርጫው የሚቀለው በመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው፤ ግን ያኔ የምርጫ መልክ የለውም፤ አንድ ዋንጫ ጠላ ነው የሚመስለው።

አያቴ በቀጠሮው ቀን መስቀል ተሳልመው ማሉና ድንጋዩ የነበረበትን ቦታ በበትራቸው አመለከቱ። ዘመዳችን ተረቱ። ከዚያ ወዲያ በፋሲካ የሚላላኩት ሙዳ ሥጋ ቀረ፤ የሠርግ ጥሪ ቀረ፤ በገበያ መንገድ ሲተላለፉ ዘመዳችን ጋቢያቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አድርገው ያልፉ ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። ያ ሁሉ የተሟገቱበት ርስት የዘመዳችንም የጎረቤታቸውም መሆኑ ቀረ። አያቴ በሐሰት ቢመሰክሩላቸው ኖሮ ዘመዳችን የሚያተርፉት የአንድ መኸር ሰብል ነበር። አያቴም ግን እውነት በመናገራቸው ያተረፉት የሚታይ ነገር አልነበረም። ወንድም የሚሏቸውን ሰው አጡ፤ መሬቱን የመንግሥት አዋጅ ወሰደው። የውኃ ዳሩ ዛፍ ፍሬ የቱ ጋ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ በዚያ ዓመት እኛ ቤት መጥቶ ቢፈልግ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም ይልቅ ሲከነክነኝ የኖረው ሌላ ነገር ነው። ዘመዳችንም ዳዊት ደጋሚ ነበሩ። ከአያቴ ጋር በአንድ የኔታ ሥር፣ በአንድ ዘመን ነው የተማሩት። ሁለቱም ዳዊት ሲፈጽሙ በአንድ ቀን ጠላ ተጠምቆ፣ ዳቦ ተደፍቶ፣ የኔታቸው መርቀዋቸዋል። ሰኞ ሲሆን፣ በሁለቱም ቤት ዶሮ ሲጮኽ፣ ያችው መዝሙር በዚያው ዜማ ትነበብ ነበር። አንደኛው ደግመው ወደ እርሻቸው ይሄዳሉ፤ ሌላኛው ደግመው ጠላ እንዲጠመቅ ያዝዛሉ።

ዘመኑ እየተለወጠ ሄደ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አያቴ ከተመዝጋቢዎቹ መካከል ነበሩ። ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ይሆን ይሆናል። የንባብ ቤት ያስተምር የነበረው ንባብ እንጂ ጽሕፈት አልነበረም፤ ጽሕፈት የቁም ጸሐፊዎች ሙያ ነበር። 150ውን መዝሙር የሚወጡት አያቴ በሰነድ ላይ የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነበር። ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ስማቸውን መጻፍ ተማሩ። በዚያ ክፍል አልፎ አልፎ በቄሶችና በዳዊት ደጋሚዎች ላይ ማፌዝ ነበረ፤ የዘመኑ ወግ ነው። አያቴ ፌዙን እንዳልሰማ አለፉት፤ ፊደሉን ግን ወሰዱ። «በፌዘኞች ወንበር ተቀመጡ እኮ» ብሎ አንድ ጎረቤት ሲቀልድባቸው፣ «የተቀመጥኩት ከብዕሩ ጋር ነው» አሉት። መዝሙሯን በፍርሃት የሚያጠብቋት ሰዎች አሉ፤ ከዓለሙ ሁሉ ጋር አትቀመጥ የምትል አድርገው። አያቴ እንደዚያ አልያዟትም። ከማን ጋር ተቀመጥኩ ከሚለው ይልቅ ተቀምጬ ምን ተቀበልኩ የሚለው ነበር የሚያስጨንቃቸው።

አያቴ በ1970ዎቹ መጨረሻ አረፉ። እንደ አገሩ ወግ ሌሊቱን በራስጌያቸው ዳዊት ይደገም ነበር። ቄሶቹና ደጋሚዎቹ መዝሙሩን ንጉሥ በንጉሥ ተከፋፍለውታል። እኩለ ሌሊት ሳይሆን ዘመዳችን በበትር እየተደገፉ ገቡ። ያለቅሱ ነበር። ከዚያ ዕንባቸውን ጠርገው፣ «ለእኔም ድርሻ ስጡኝ» አሉ። የመጀመሪያው ንጉሥ ደረሳቸው።

እኔ ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ ደሜ ፈላ። የሰኞዋን መዝሙር በአያቴ ሬሳ ራስጌ ከዘመዳችን አፍ መስማት ፌዝ መሰለኝ። ተነሥቼ ልወጣ ስል ሴት አያቴ እጄን ያዙ። «ተው ልጄ» አሉ በሹክሹክታ፤ «ዳዊት የሚደግመው ጻድቅ ብቻ ቢሆን ማን ይደግም ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ዘመዳችን መዝሙሯን ያለ መጽሐፍ፣ በቃላቸው፣ አንዲት ተነሽ ሳይጥሉ ወጧት። ያን ሌሊት ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛው፣ መዝሙር በአፍ መያዝ መንገድ መምረጥ እንዳልሆነ ነው። ሰው ስለ ጽድቅ መንገድ ዕድሜውን ሙሉ በጥሩ ድምፅ እያዜመ፣ በሌላኛው መንገድ ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛው፣ ይህ ሁሉ ሆኖ መዝሙሯ ከአፉ አትሸሸውም። ትመለስለታለች። ዘመዳችን ከአያቴ ምስክርነት በኋላ ስንት ሰኞ ይህችን መዝሙር እንደደገሙ አሰብኩ። ለቅሶ ቤታችን ድረስ እየመራች ያመጣቻቸው እሷ ትሆን ይሆናል።

ትርጉሟን በወጉ ያነበብኩት በከተማ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ በታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን መጀመሪያ በሙሉ ወደ አማርኛ የመለሰው ሰው የጎጃም ልጅ መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ። አቡ ሩሚ ይባላል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ካይሮ ተቀምጦ፣ በፈረንሳዊው ዲፕሎማት በአስላን ደ ሸርቪል አማካይነት፣ አሥር ዓመት ያህል ደክሞበት ተረጎመው። ሥራው ከእሱ ሞት በኋላ እየታረመ ታተመ። የግዕዙ ዳዊት ደግሞ ከዚያ እጅግ ቀድሞ ማተሚያ ቤት ገብቷል። በ1513 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ሰው፣ በቫቲካን የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ቋንቋውን ተምሮ ሮም ላይ አሳተመው። በፊደላችን ከታተሙት መጻሕፍት ሁሉ የመጀመሪያው እሱ ነው። መነኮሳቱ በባዕድ አገር ሆነው ለማያውቁት ሰው ሲያነቡለት፣ እንደኛው በንባብ ቤት ሥርዓት ከተነሹና ከወዳቂው ጋር እንዳነበቡለት ነው የማስበው።

መዝሙሯን በአማርኛ ሳነባት ግን ጥያቄዬ ባሰ። ፍሬ፣ የማይረግፍ ቅጠል፣ የሥራ መከናወን... አያቴ ይህን ሁሉ መቼ አገኙት? አዲስ አበባ ገብቼ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ደግሞ ይብሱን ተመለከትኩ። እግሩን የሰበሰበው ሰው ከቦታው ሳይነቃነቅ ጡረታ ይወጣል፤ ጠላውን የጠጣው ፎቅ ይሠራል። «ሰኞ ዋሽታን ይሆን?» የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ያውቃል።

መልሱን ያገኘሁት ሌላ ቦታ ሄጄ አይደለም፤ ከዳዊቱ ሳልወጣ ነው። ሰኞ የተባለውን የሚሞግት መዝሙር ረቡዕ ላይ ተቀምጧል። 72ኛው መዝሙር የአሳፍ ነው። አሳፍ የክፉዎችን ሰላምና ድሎት እያየ ቀንቶ፣ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት እንደቀረው ይናገራል። ንጹሕ መሆኔ ለከንቱ ነው ወይ እስከ ማለት ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ቅሬታ አንድ ልጅ የኔታ ፊት ቢናገረው ኩርኩም ይቀምስ ነበር፤ ዳዊቱ ግን በገዛ ገጹ ላይ ጽፎ፣ በየሳምንቱ እንድንደግመው አዘዘን። አሳፍ ወደ መቅደስ እስኪገባ ድረስ ነገሩ አልገባውም፤ ገብቶም መሬት ወይም ፎቅ አላገኘም። ያገኘው ከአምላኩ ጋር መሆን ይበቃኛል የሚል ልብ ነው። አያቴ በዚያ ባዶ ዓመት ሰኞም ሆነ ረቡዕ ድምፃቸው ሳይሰበር ይደግሙ የነበረው ለምን እንደሆነ የገባኝ ይህን ስረዳ ነው። በዛፉ ላይ የሚታየው ፍሬ ነው፤ የዛፉ ነገር ግን በውኃው ዳር መተከሉ ላይ ነው።

ዓርብ ደግሞ 118ኛው አለ፤ ደጋሚዎች በርዝመቱ የሚፈሩት። በዕብራይስጥ ፊደላት ልክ በ22 ክፍል የተከፈለ፣ 176 ቁጥር ያለው፣ ከዳር እስከ ዳር ስለ ሕግና ስለ ቀና መንገድ የሚናገር መዝሙር ነው። የሰኞዋ መዝሙር ዘር ሆና ብትበቅል ይኸን የምታህል ይመስለኛል። ግን መጨረሻው ምን እንደሆነ ልብ ያለው ሰው ይገርመዋል። ያን ያህል ቁጥር መንገዱን ሲያመሰግን የኖረው ዘማሪ፣ በመጨረሻዋ ቁጥር እንደ ጠፋ በግ መቅበዝበዙን ተናግሮ ይፈለግ ዘንድ ይለምናል። ሰኞ ስለ ቀናው ሰው የሰማ ደጋሚ፣ ዓርብ ራሱን የጠፋ ብሎ ይጠራል። ከዚያ ቅዳሜ በምስጋና ይዘጋል፤ እሑድ ያልፋል፤ ሰኞ ደግሞ ያችው መዝሙር ከሀ ትጀምራለች። የጽድቅ መንገድ አንድ ጊዜ ተመርጦ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ፣ አባቶች ዳዊቱን የሳምንት ሥራ ባላደረጉት ነበር።

ዛሬ ዳዊት በብራና ብቻ አይደለም። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ማተሚያ ቤት ያሳተማቸው ትንንሽ ዳዊቶች በየእናቱ ቦርሳ አሉ። ሰኞ ጠዋት ከመገናኛ ወደ መርካቶ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በስልኳ የምትደግም ወጣት ማየት የተለመደ ነው። ረዳቱ «ሒሳብ» ሲላት ጣቷን ከስልኩ ሳታነሣ ትከፍላለች። ያኔ ይህች ልጅ ዛሬ ቢሮ ገብታ ምን ዓይነት ጠላ ይጠብቃት ይሆን እላለሁ በልቤ።

የእህቴ ልጅ በዚህ ዓመት ዳዊት ጀምሯል። በቀደም፣ «አጎቴ፣ ትርጉሙን ሳላውቀው መድገሙ ምን ይጠቅመኛል?» አለኝ። ብልህ ጥያቄ ነው፤ እኔ በእሱ ዕድሜ ብጠይቀው ኩርኩም ነበር የሚመልስልኝ። መድገም ጻድቅ እንደማያደርግ ነገርኩት። ሁለት ሽማግሌዎች አንድ መዝሙር ሲደግሙ ኖረው ሁለት መንገድ እንደሄዱ አጫወትኩት። «ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» አለኝ።

ዋጋው ይህ ነው አልኩት፦ አንድ ቀን ሰው ጠላ እንጠጣ ብሎ ይጠራሃል፤ ጥሪው ክፉ ነገር አይመስልም፤ የሚያስጠነቅቅህ ሰውም በአጠገብህ አይኖርም። ያን ቀን ትርጉም የምትፈልግበት ጊዜ አይኖርህም። ያኔ መዝሙሯ አስቀድማ በአፍህ ካለች ትጠይቅሃለች። ቅድመ አያትህ ሲጠየቁ ቤታቸው ቀሩ፤ ዘመዳችን ሲጠየቁ ጠላውን አስጠመቁ፤ መልሱን እሷ አትሰጥህም። ግን ጠይቃሃለችና፣ ከዚያ በኋላ የምትሄደው አውቀህ ነው።

ልጁ ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው ባልማራት ይሻለኝ ነበር» አለኝ እየሳቀ። የዳዊት የመጀመሪያው ትርጓሜ ገብቶታል።